የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለተማሪዎች የፊልም ክበብ ምን ዓይነት ካሜራ ይገዛ?

ጥያቄ፦ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የፊልም ክበብ አባላት ነን። እስካሁን አጫጭር ፊልሞቻችንን የምንቀርጸው በስልክ ነበር። አሁን በአሜሪካ የሚኖሩ የቀድሞ አባሎቻችን 2,000 ዶላር አዋጥተውልናል፤ ዕቃውንም እዚያው ገዝተው በክረምት ለዕረፍት ሲመጡ ሊያመጡልን ቃል ገብተዋል። በመካከላችን ግን ስምምነት የለም። ገሚሶቻችን ገንዘቡ በሙሉ አንድ ደህና የሲኒማ ካሜራ ይገዛበት፣ ሌላው ቀስ በቀስ ይሟላል እንላለን፤ የቀሩት ደግሞ ሌንስና የድምፅ ዕቃ የሌለው ካሜራ ምን ይፈይዳል ይላሉ። የብዙዎቻችን ምርጫ ብላክማጂክ ፖኬት ሲኒማ ካሜራ 4ኬ ነው። ያለን ኮምፒውተር 8 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ላፕቶፕ ሲሆን በግቢያችን መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ምን ይመክሩናል?

የክበቡ ተጠሪ

መልስ፦ ከሁለቱ ወገኖች ስለ ሌንስና ስለ ድምፅ ያነሱት ትክክል ናቸው። ከ2,000 ዶላሩ ውስጥ ለካሜራው አካል ከ800 ዶላር በላይ እንድታወጡ አልመክርም። በዚህ ዋጋ የምትፈልጉትም ያገለገለ ፓናሶኒክ ጂ ኤች 5 ይሁን እላለሁ። ፖኬት 4ኬን የመረጡት አባላት ቅር እንደሚላቸው ይገባኛልና ምክንያቴን በዝርዝር ላስረዳ።

በመጀመሪያ ከስልክ ወጥታችሁ የተሻለ ካሜራ መፈለጋችሁ ተገቢ ነው። አንዲት እናት ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ በእኩለ ቀን ፀሐይ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፣ ከጀርባዋም የተከፈተው በር ወደ ጨለማው የቤቱ ውስጥ ያሳያል እንበል። ይህን በስልክ ስትቀርጹ ፊቷ እንዲታይ ብርሃኑን ብታሳድጉት የነጠላው ሽመናና ጥለት ጠፍቶ ድፍን ነጭ ብቻ ይቀራል፤ ነጠላውን ለማትረፍ ብታጨልሙት ደግሞ ፊቷ ይጠቁርና የዓይኖቿ ስሜት አይነበብም። በአገራችን ፊልም ውስጥ ነጭ ልብስና ጠይም ፊት በአንድ ፍሬም የማይገናኙበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ፣ ካሜራ ስትመርጡ ከሁሉ አስቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ በጣም ብሩህ የሆነውንና በጣም ጨለማ የሆነውን በአንድ ጊዜ ምን ያህል አቻችሎ ይይዛል ብላችሁ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የቀለሙ ጥልቀት ነው። ባለ 8 ቢት ቀረጻ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃዎች ሲኖሩት ባለ 10 ቢት ቀረጻ 1,024 አለው። ልዩነቱ ቀረጻው በተነሣበት ሰዓት ጎልቶ ባይታይም፣ በኤዲቲንግ ጊዜ የፊቷን ጥላ ትንሽ ላንሣው ስትሉ በ8 ቢቱ ላይ ቆዳዋ እየተቆራረጠ ሲበላሽ ታያላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሲደረግ 1,295 ዶላር የነበረው ፖኬት 4ኬ በዚህ ረገድ በእርግጥ ጠንካራ ነው። አምራቹ 13 ስቶፕ የብርሃን ስፋት እንዳለው ይገልጻል (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃኑ መጠን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)፤ በ400 እና በ3,200 ሁለት መነሻ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት መለኪያ) ስላለውም በማታ ቀረጻ ይረዳል። በምስል ጥራት ብቻ ቢመዘን ጂ ኤች 5ን ይበልጠዋል። ይሁን እንጂ አንድ ካሜራ በእናንተ ግቢ፣ በእናንተ ላፕቶፕና በእናንተ መብራት ምን ያህል ጊዜ ይሠራል የሚለው ጥያቄ ለተማሪ ክበብ ከጥራቱ ቀጥሎ የሚመጣ አይደለም፤ እኩል ክብደት አለው። የፖኬት 4ኬ ኤል ፒ ኢ 6 ባትሪ ከአንድ ሰዓት በላይ እምብዛም አይቆይም፤ ስለዚህ የውጭ ባትሪና ማገናኛ ገመድ መግዛት ግድ ይሆናል። ካሜራው በውስጡ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ሥርዓት የለውም፤ ጂ ኤች 5 ግን አለው። ከሁሉም በላይ የፋይሉ መጠን አለ። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ ፖኬት 4ኬ በጣም በተጨመቀው የብላክማጂክ ሮው ዓይነት በሰዓት ወደ 100 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ፕሮሬስ 422 ኤች ኪው የተባለውን ያን ያህል ያልተጨመቀ ዓይነት ከመረጣችሁ ደግሞ ከ300 ጊጋባይት ያልፋል። ጂ ኤች 5 ባለ 10 ቢት 4ኬ ሲቀርጽ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ስለሚጽፍ በሰዓት 70 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱ ቀረጻ በሁለት ሃርድ ዲስክ መቀመጥ ስላለበት የተጠቀሱትን ቁጥሮች ሁሉ በሁለት አባዙና አንድ የትምህርት ዓመት ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ ገምቱ።

ላፕቶፓችሁን በተመለከተ በየትኛውም ካሜራ ላይ እንደሚቸገር ከወዲሁ እወቁት። የጂ ኤች 5 ባለ 10 ቢት ፋይል ለአሮጌ ኮምፒውተር ከባድ ነው። መፍትሔው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነጻ ስሪት ለማስኬድ ከመሞከራችሁ በፊት ፋይሎቹን ፕሮክሲ ወደሚባል ቀለል ያለ የሥራ ቅጂ መቀየር፣ ለሳምንታዊ ልምምድ ደግሞ በፉል ኤች ዲ መቅረጽ ነው። ለመመረቂያ ፊልማችሁ ፖኬት 4ኬ ወይም የተሻለ ካሜራ ካስፈለጋችሁ አዲስ አበባ ውስጥ መያዣ ተቀብለው በቀን ሂሳብ የሚያከራዩ ስላሉ ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ተከራዩ። እ.ኤ.አ. በ2022 በ1,798 ዶላር የወጣውን ሶኒ ኤፍ ኤክስ 30 የሚያነሱ አባላት ካሉ፣ ካሜራው ጥሩ ቢሆንም አዲስ ሲገዛ ገንዘባችሁን ጠራርጎ ይወስደዋልና ለጊዜው ይቆይ።

ቀሪውን ገንዘብ እንዲህ ብትደለድሉት ይሻላል፦ ለሌንስ 250፣ ለድምፅ 350፣ ለትራይፖድ 150፣ ለሚሞሪ ካርድና ለሁለት ሃርድ ዲስክ 250፣ ለተጨማሪ ባትሪዎች፣ ለኤን ዲ ፊልተር (ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን ለሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት)፣ ለአንጸባራቂና ለአንድ ትንሽ የኤል ኢ ዲ መብራት 200 ዶላር።

ለድምፅ 350 ዶላር በዛ የሚል አባል ከተነሣ አትስሙት። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የተዋናዩን ንግግር መስማት ካቃተው ግን ፊልሙን ይተወዋል። አንድ አጭር ባለ አቅጣጫ ማይክ፣ ማይኩን ከተዋናዩ ራስ በላይ የሚያደርስ ዘንግ፣ አንድ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድን ማዳመጫና ፀጉራም የነፋስ መከላከያ ያስፈልጓችኋል። ማይክ ከተናጋሪው ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የንግግሩ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ የጄኔሬተሩና የመንገዱ ጫጫታ ግን ባለበት ይቆያል። በካሜራው አናት ላይ የተሰካ ማይክ ውድ ቢሆን እንኳ ሦስት ሜትር ርቆ ከቆመ፣ ግማሽ ሜትር ላይ የተያዘ ርካሽ ማይክ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው። የቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ውስጥ የክረምት ዝናብ ከመጣ ደግሞ ምንም ዓይነት ማይክ አያድናችሁምና የንግግር ትዕይንቶችን በማለዳ መርሐ ግብር ያዙ። መቅረጫው ከካሜራው የተለየ ስለሆነ በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ማጨብጨብን አትርሱ፤ ምስሉንና ድምፁን የምታገጣጥሙት በእርሱ ነው።

ሌንስን በሚመለከት የጂ ኤች 5 ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) በጎን ልኬቱ ከሙሉ ፍሬም፣ ማለትም ከ35 ሚሊሜትር የፎቶ ፊልም መጠን፣ በግማሽ ያህል ያነሰ መሆኑን አስቡ። በዕድሜ የገፉ የኒኮን ወይም የካኖን ኤፍ ዲ ሌንሶች በርካሽ አዳፕተር ይገጥማሉ፤ ነገር ግን 50 ሚሊሜትሩ እንደ 100 ሚሊሜትር ስለሚያጠብ በጠባብ የዶርም ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ላይ አይዝላችሁም። ስለዚህ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጥ 12 እስከ 60 ሚሊሜትር ዙም ካገኛችሁ እርሱን ያዙ፣ ለጨለማ ትዕይንት ደግሞ የፓናሶኒክን 25 ሚሊሜትር ኤፍ 1.7 ጨምሩበት።

ኤን ዲ ፊልተር ለምን እንደሚያስፈልግ በሂሳብ ላሳይ። በቪ ሎግ ኤል፣ ማለትም ሰፊ የብርሃን ልዩነት በሚይዘው የፓናሶኒክ የቀረጻ ዓይነት፣ ስትቀርጹ ዝቅተኛው አይ ኤስ ኦ 400 ነው። ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) በ1/50 ሰከንድ ብታቆሙት በጠራ ፀሐይ የሚያስፈልጋችሁ አፐርቸር (የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር የሚጠበው የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 45 አካባቢ ይሆናል፤ ሌንሳችሁ እስከዚያ አይጠብም። ኤፍ 5.6 ላይ ለመሥራት ብርሃኑን በ6 ስቶፕ፣ ማለትም ወደ 64ኛ እጁ መቀነስ አለባችሁ። ያለ ፊልተር ሻተሩን በማፍጠን ብታመልጡ የተዋናዮቹ እንቅስቃሴ የተቆራረጠ ይመስላል። በነገራችን ላይ ቪ ሎግ ኤል በጂ ኤች 5 ላይ ለብቻው በክፍያ የሚከፈት ስለነበረ የሚገዛው ካሜራ ተከፍቶለት እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ የወንድሞቻችሁ ጥንቃቄ እዚያው አሜሪካ ላይ መጀመር አለበት። ሌንሱን ከድነው በከፍተኛ አይ ኤስ ኦ ይቅረጹና በጥቁሩ ላይ የሚያበሩ ነጠብጣቦች እንዳሉ ይመልከቱ፤ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16 አጥብበው ነጭ ግድግዳ በማንሣት በሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ወይም ጭረት መኖሩን ይፈትሹ፤ በሁለቱም የካርድ ማስገቢያዎች ግማሽ ሰዓት ሳያቋርጡ ይቅረጹ፤ የኤች ዲ ኤም አይ መሰኪያውን በእጃቸው ነካ ነካ አድርገው የሚወዛወዝ መሆኑን ይዩ። ከጃፓን ገበያ የመጡ አንዳንድ ካሜራዎች ሜኑአቸው በጃፓንኛ ብቻ ስለሆነ ዋጋው ረከሰ ብለው እንዳይቸኩሉ። ሚሞሪ ካርድ ከታወቀ መደብር ካልሆነ አይግዙ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል የማይዝ የሐሰት ካርድ በየገበያው አለ፣ ጉዳቱም የሚታወቀው ቀረጻው ከጠፋ በኋላ ነው። ሲመጡም ትርፍ የሊቲየም ባትሪዎች በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ እንደማይፈቀዱ ያስታውሱ፤ የግዢ ደረሰኙን አይጣሉ፤ ቀረጡን በተመለከተም ከመነሣታቸው በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንን ይጠይቁ።

ዕቃው እጃችሁ ከገባ በኋላ የመውሰጃና የመመለሻ መዝገብ አዘጋጁ። ካሜራውን ምንጊዜም ሁለት ሰው ፈርሞ ይውሰደው፤ ሚሞሪ ካርድም ቀረጻው በሁለቱም ሃርድ ዲስኮች ላይ መገልበጡን አንድ ሌላ ሰው ከፍቶ ሳያረጋግጥ አይደምሰስ። ባትሪዎቹን የሚሞላው ሰው በስም ይታወቅ፤ መብራት በመጣ ቁጥር ሁሉም ቻርጅ ላይ ካልዋሉ አራት ባትሪ መያዝ ትርጉም የለውም።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ክበባችን ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ጂ ኤች 5 ገዝቷል። ደጅ ስንቀርጽ ጥሩ ነው፤ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ግን በምስሉ ላይ ደብዛዛ መስመሮች ይንሸራሸራሉ። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን? ለሻጩ እንመልሰው?

መልስ፦ አትመልሱት፤ በሰጣችሁን ዝርዝር መሠረት ካሜራው ጤነኛ ነው። በአገራችን ያለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የክፍሉ ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራና ይደበዝዛል። ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀ ካሜራ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ለ60 ኸርትዝ የተስተካከለ ነው፤ በ30 ፍሬም ከ1/60 ሻተር ጋር ስትቀርጹ በአንድ ፍሬም ውስጥ የሚገባው የመብራቱ ምት ሙሉ ቁጥር ስለማይሆን የፍሬሙ አንዱ ክፍል ብሩህ፣ ሌላው ደብዛዛ ሆኖ ይወጣል።

በሜኑው ውስጥ ሲስተም ፍሪኩዌንሲ የሚለውን ፈልጉና ወደ 50 ኸርትዝ ቀይሩት፤ ካሜራውን አጥፍታችሁ መልሳችሁ ካበራችሁ በኋላ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ በ1/50 ሻተር ቅረጹ። በዚህ ሻተር እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ሙሉ ምት ስለሚይዝ መስመሮቹ ይጠፋሉ። በ24 ፍሬም መቅረጽ የግድ ካስፈለጋችሁም ሻተሩን ወደ 1/48 ሳይሆን ወደ 1/50 አድርጉት፤ ሻተሩ በዲግሪ በሚነገርባቸው ካሜራዎች ይህ 172.8 ዲግሪ ነው። ለዝግታ ትዕይንት 50 ፍሬም ከ1/100 ጋር ይሠራል። አንዳንድ ርካሽ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች፣ በተለይም ብርሃናቸው በማዞሪያ የሚቀነሱት፣ በራሳቸው ፍጥነት ስለሚርገበገቡ በዚህም ላይስተካከሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሲንክሮ ስካን የሚለውን አብርታችሁ መስመሮቹ እስኪቆሙ ድረስ ሻተሩን በጥቂት በጥቂቱ አስተካክሉ፣ ካልሆነም አምፖሉን አጥፍታችሁ በመስኮት ብርሃን ሥሩ።