ካስቲንግ ክፍል ተመደብኩ፣ ልግባ ወይ?

እህቴ፣ በሜካኒካል ተመርቀሽ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ፋብሪካ ካስቲንግ ክፍል (አሉሚኒየሙ ቀልጦ የሚፈስበት) እንደመደበሽ፣ ቤተሰብ ግን "ምድጃ ሥር ምን ልትሠሪ ነው፣ ቢሮ ጠብቂ" እንዳለሽ ጽፈሽልኛል። እኔ ግቢ ነው የምልሽ።

ሰው የሚያየው ፕሬሱን ነው፣ የመስኮቱ ፍሬም ተገፍቶ ሲወጣ ያምራል። ግን ቢሌቱ፣ ማለትም ፕሬሱ የሚገፋው ድፍን የአሉሚኒየም ዘንግ፣ ካስቲንግ ላይ ከተበላሸ ዳይ (ቅርጽ ማውጫው) ቢቀየር ኦፕሬተር ቢቀየር ለውጥ የለም፣ ፕሮፋይሉ ይሰነጠቃል ወይ ፊቱ ይጫጫራል፣ አኖዳይዝ ሲደረግ (ፊቱ በኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋን ሲሠራለት) ደግሞ መስመር መስመር ያወጣል። ካስቲንግ የጀመረ ኢንጂነር ችግሩን ከሥሩ ነው የሚያውቀው።

ነገሩ ከስክራፕ ይጀምራል። ቆራሌው የሰበሰበው ሁሉ እኩል አይደለም፣ ፒስተን ሲሊኮንና መዳብ ይበዛዋል፣ ለመስኮት የሚሆነው 6063 የሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ግን ሲሊኮኑ ከ0.2 እስከ 0.6 ፐርሰንት፣ ማግኒዚየሙ ከ0.45 እስከ 0.9፣ መዳቡ ቢበዛ 0.1 ነው። ብረት (አይረን) ከገባበት ደግሞ መልሶ ማውጣት ከባድ ነው፣ ያለው አማራጭ ንጹህ አሉሚኒየም ጨምሮ ማሳሳት ነው፣ እሱም ብር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቅይጡ ውስጥ ምን ስንት እንዳለ የሚለካውን ስፔክትሮሜትር ማንበብ ተማሪ።

አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ለማፍሰስ ግን ወደ 700 ይደርሳል፣ እና በዚህ ሙቀት ከእርጥበት ሃይድሮጅን ይጠጣል፣ ሲረጋ ያ ጋዝ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው አርጎን የሚነፋበት፣ ከዛ በሴራሚክ ፊልተር ያልፋል፣ እህሉ (ሲረጋ የሚፈጠረው ክሪስታል) ደቃቅ እንዲሆን ቲታኒየም ቦሮን ያለው ዘንግ ይጨመርበታል፣ ከዛ ውሃ በሚያቀዘቅዘው ሞልድ ውስጥ እየረጋ ቀስ እያለ ወደታች ይወርዳል፣ ሲያልቅ ብዙ ሜትር የሚረዝም ሎግ ነው፣ እሱ ሲቆራረጥ ቢሌት ይሆናል። ከጫፉ ስስ ቁራጭ አስቆርጠሽ በኮስቲክ ሶዳ ስታሳክኪው እህሉ በዓይን ይታያል፣ መሃሉ ላይ የኮከብ ቅርጽ ስንጥቅ ካየሽ ወይ በፍጥነት ወርዷል ወይ ውሃው ልክ አልነበረም ማለት ነው። ይሄን ማንበብ የቻለ ሰው የትም ሥራ አያጣም።

አንዳንድ ቦታ ለነዳጅ ብለው የሚያሳጥሩት ሆሞጅናይዚንግን ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል። ሎጉ ከ560 እስከ 580 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት መቆየት አለበት፣ ማግኒዚየሙና ሲሊኮኑ እኩል እንዲሰራጩ፣ ሹል የሆኑት የብረት ውህዶችም እንዲድቦለቦሉ፣ ከዛ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ይሄ ሲዘለል ፕሬሱ ቀስ ብሎ ለመግፋት ይገደዳል።

ቤተሰብ የፈራው ግን ከንቱ አይደለም። እርጥብ ስክራፕ ወይ ውሃ የቋጠረ ቆርቆሮ ቀልጦ ያለው ውስጥ ከገባ ይፈነዳል፣ ሰው ይሞታል። ከመፈረምሽ በፊት ክፍሉን አሳዩኝ በይ፣ ስክራፑ ጣሪያ ሥር ነው ወይ፣ ደርቆ ነው ወይ የሚገባው፣ የፊት መከላከያና ሙቀት የሚመልስ ካፖርት አለ ወይ፣ ሠራተኛው ናይለን ለብሶ ከሆነ ያ ብቻውን ብዙ ይነግርሻል፣ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃልና። እነዚህ ከሌሉ አትግቢ፣ ደሞዙ ስንትም ይሁን።

ካሉ ግን አንድ ዓመት ካስቲንግ ከዛ ፕሬስ ብለሽ በጽሑፍ ተስማሚ፣ የእያንዳንዱን ቻርጅ (አንድ ጊዜ ምድጃ የሚገባው ጭነት) ኬሚስትሪና ሙቀት በደብተርሽ ያዢ። የባህሬኑ አልባና የኤምሬትሱ ኢጂኤ የሚባሉት የአሉሚኒየም ኩባንያዎች ቢሌት ያመርታሉ፣ እንደዛ ያለ ቦታ ስታመለክቺ ያ ደብተር ከዲግሪው እኩል ያወራልሻል። አይተሽው ስትመለሺ ጻፊልኝ፣ የደሞዙን ድርድር ያኔ እናወራለን።