ከማን ጋር ነው የምትዋሰኚው? (ሙያ ለመቀየር ለምታስቡ ወጣቶች)

በደብረ ብርሃን በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት የሚያገለግል ወጣት ሰሞኑን ጥያቄ ላከልኝ። «እትዬ፣ ሒሳቡን ትቼ ዩኤክስ ዲዛይነር ልሆን ወስኛለሁ። ከየትኛው ኮርስ ልጀምር?» ይላል። (ዩኤክስ የሚሉት ሰው መተግበሪያን ወይም ድረ ገጽን ሲጠቀም እንዳይቸገር አድርጎ የመንደፍ ሙያ ነው።) መልሱ በሁለት መስመር ያልቅ ነበር። «ሒሳቡን ትቼ» የምትለው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ፤ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ። ስለዚህ ኮርሱ ትንሽ ይቆይ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ኮምፒውተር በየመሥሪያ ቤቱ መግባት በጀመረበት ጊዜ፣ ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የሰሜን ሸዋ መሥሪያ ቤት የመሬት መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር እንድናስገባ ተላክን። መዝገብ ቤቱ እስከ ጣሪያው ድረስ በአቃፊ የተሞላ ነው። ኃላፊው ጡረታቸው የተቃረበ፣ ክረምት ከበጋ በርኖሳቸውን የማያወልቁ አዛውንት ነበሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና በታኅሣሥ ውርጭ ጣቶቼ ፊደል መምታት እምቢ ይሉኝ ነበር። አዛውንቱ አዩና አንድ ቀን የመንዝ ባና አምጥተው ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፤ የሚያሞቀውን ያህል ግን ዛሬ ከውጭ የሚመጣው ለስላሳ ብርድ ልብስ አያሞቅም። ልጆቼ በዚህ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረ ሰሞን ከመሐል ሜዳ አንዲት ባለጉዳይ በአውቶቡስ መጡ። የሚፈልጉት የአባታቸው የመሬት መዝገብ ነው። የመዝገብ ቁጥሩን ጠየቅኳቸው፤ ከየት ያምጡት? የአባታቸውን ስም ጠየቅኩ፤ ኃይሉ። በ«ሃ» ጻፍኩ፤ «አልተገኘም» አለ። በ«ሐ» ጻፍኩ፤ «አልተገኘም»። ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሓይሉ፣ ኀይሉ፣ ኃይሉ፦ አንድ ስም ስድስት ዓይነት ይጻፋል። ፀሐይ ቢሆን ኖሮ «ፀ» እና «ጸ» ተጨምረው 12 ይሆን ነበር። ሴትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ማሽኑን ሳይሆን ፊቴን ነበር የሚያዩት። ያጠፉ ነበር የመሰላቸው።

አዛውንቱ ከጥግ ሆነው፣ «እህቴ፣ ከማን ጋር ነው የምትዋሰኚው?» አሉ። ሴትየዋ በላይ በኩል እገሌ፣ በታች ወንዝ፣ በቀኝ የቤተ ክርስቲያን መሬት ብለው ዘረዘሩ። አዛውንቱ ወደ መደርደሪያው ሄዱ፤ እጃቸውን ሰደው አቃፊውን አወጡና አቧራውን በበርኖሳቸው ጫፍ ጠርገው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ጨዋ ነበሩ።

ገበሬ ስለ መሬቱ ሲያስብ የሚያስበው በአዋሳኝ ነው። መደርደሪያውም የተደራጀው በዚያው ልክ ነበር። እኛ በሠራነው ማያ (በኮምፒውተሩ ላይ በሚታየው ገጽ) ላይ የስም፣ የቁጥርና የቀበሌ ቦታ አለ፤ የአዋሳኝ ቦታ የለም። አቃፊዎቹ ደግሞ በቀይ፣ በጥቁርና በሰማያዊ ክር የታሰሩ ነበሩ። ቀዩ ክርክር ያለበት መዝገብ እንደሆነ ነግረውኛል። ጥቁሩና ሰማያዊው ምን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ ክሩ ተቆርጦ ተጣለ፤ አቃፊው በቁጥር ተደረደረ፤ ቆይቶም እሳቸው አረፉ። የዚያን መደርደሪያ አሠራር ከአንደበታቸው የጻፈ የለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማያ ሠርቻለሁ፤ ያንን ያህል የተጠና ግን አልገጠመኝም።

የፊደሉ ጣጣ እንኳን ዛሬ ቀላል ነው፤ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሞክሼ ሆሄያትን ወደ አንድ የሚያጥፍ ጥቂት መስመር ይበቃል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ በሚግባቡበት የፊደላት መለያ) ቦታ ያገኘው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት የጻፍነው በሌላው ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ዩኤክስ የሚለው የሙያው ስም ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፦ የዲዛይን ተመራማሪው ዶን ኖርማን አፕል ኩባንያ ውስጥ ራሱን በዚህ ስም የጠራው በዚያው አቆጣጠር በ1993 ነው። ስሙን ሳልሰማ ሥራውን ያየሁት እዚያ መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ለጠያቂዬና ለመሰሎቹ። ሒሳቡን አትተወው፤ ይዘኸው ና። አባላቱ ደብተራቸውን ሲቀበሉ የትኛዋን ቁጥር ደጋግመው እንደሚያዩ የምታውቀው አንተ ነህ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚገባ፣ ጳጉሜን የሚባል ወር እንዳለ፣ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ሲመጣ ሰዉ የአያቱን ይሁን የአባቱን ስም ይጻፍ እንደሚጨንቀው፣ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት በስልኩ ላይ ስምንት ተብሎ እንደሚታይ ማንም ኮርስ አያስተምርህም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሏል።

የዛሬ ልጆች የሥራ ማሳያችሁን ስትልኩልኝ አብዛኛው የታወቀ መተግበሪያን ቀለም ቀይሮ መሥራት ነው። ያምራል። ማን ተቸግሮ ነበር ብዬ ስጠይቅ ዝም ትላላችሁ። ጆሯችሁን በማዳመጫ ደፍናችሁ ስለ ተጠቃሚ ታወራላችሁ። (በእኛ ዘመን ማዳመጫ እንዲህ ስላልበዛ እንጂ እኛም ያው ነበርን ይሆናል።) የአጠቃቀም ምቹነት ባለሙያው ጄኮብ ኒልሰን በ2000 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አምስት ሰው ብታስሞክሩ አብዛኛውን ችግር ታገኛላችሁ ብሎ ጽፏል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አምስቱም ካፌ አብረዋችሁ የሚቀመጡ ጓደኞቻችሁ ከሆኑ የምታገኙት የራሳችሁን ችግር ነው። አንዷ ከገጠር ለብድር የመጣች እናት ትሁን። ስልኳ ስማርት ካልሆነ ደግሞ ኮከብና መሰላል ተጭኖ የሚመጣውን ዝርዝር ስትጠቀም ተመልከቷት፤ ስታመነታ ጊዜው አልቆ ሲዘጋባት ታያላችሁ። እሱም ዲዛይን ነው።

ሥራ ስለመልቀቅ፦ አትልቀቅ። ደመወዝ እየበላህ ማታ ማታ ተማር፤ የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ አያመጣም። እኔ ግን የወር ደመወዜን ጥዬ፣ ሁለት ልጅ እያሳደግኩ ነው የወጣሁት። ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ምክሬን ከነጉድለቱ ውሰደው።

ኮርሱ ማንኛውም ይሁን፤ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ተመሳሳይ ናቸው። ውድ ኮምፒውተርም አትግዛ፤ ማያ የሚነደፍበት ፊግማ የተባለው መሣሪያ በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ ይሠራል፤ ያለ ክፍያ የሚጀመርበት መንገድም አለው። እስከዚያው የማኅበራችሁን ባዶ የብድር ማመልከቻ ቅጽ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ አባላቱ የሚሳሳቱባቸውን ቦታዎች በቀይ እስክሪብቶ ክበብባቸው። ከእሱ እንጀምራለን።