1,000,001 ሙሉ ነው ወይስ ጎደሎ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የልጄ የቤት ሥራ ላይ «1,000,001 ሙሉ ቁጥር ነው፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» የሚል መጣ። በአንድ ስለሚያልቅ ጎዶሎ ነው ብዬ «ሐሰት» አስባልኩት። መምህሩ ኤክስ አደረገበት። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ማናችሁም። ጣጣው ያለው «ሙሉ» ላይ ነው። መምህሩ ሙሉ ያለው ክፍልፋይ የሌለበትን ቁጥር ነው። እርስዎ ደግሞ ለሁለት እኩል የሚካፈለውን። የእርስዎ ትርጉም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2012 በኮሮና ጊዜ የቤት መኪኖች በፈረቃ ሲወጡ፣ ሰዉ ሰሌዳውን የሚለየው «ሙሉ» እና «ጎዶሎ» እያለ ነበር።

ሥሩ «ሞላ» ነው፤ በግእዝ መልአ፣ ቅጽሉ ምሉእ። ታዲያ ምኑ ነው የሞላው? ጥንዱ። ቀፊራ ገበያ ብርቱካን ሁለት ሁለት እያደረጉ ሲቆጥሩ የመጨረሻው ብቻውን ከቀረ፣ ጓደኛው ጎደለ። ዐረብኛም የሚያየው እንዲሁ ነው፤ አንዱን ፈርዲ፣ ሌላውን ዘውጂ ይለዋል፤ ነጠላና ጥንድ ማለት ነው። 1,000,001ም 500,000 ጥንድ ሆኖ አንድ ይተርፈዋል።

«ጎደሎ ሲባል ቁጥሩ እንከን ያለበት ይመስላል፤ ተጋማሽና ኢተጋማሽ እንበል» የሚሉ አሉ። አልስማማም። «ጠርሙሱ ተጋመሰ» ስንል ግማሹ አለቀ ማለታችን ነው። ይህ ከሙሉ ይልቅ ለጎደሎ ይቀርባል። በአማርኛ ግስ ላይ የግእዙን «ኢ» መለጠፍም ለጆሮዬ ይከብዳል። እንከን ካነሳንማ፣ ጎደሎው 1,000,001 የ101 እና የ9,901 ብዜት ነው፤ ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ቁጥር እኩል አይካፈሉም። ምን ጎደለው? በግእዝ አኃዝ ሲጻፍም በሦስት ምልክት ያልቃል፦ ፻፼፩፤ መቶ እልፍ ከአንድ። እልፍ አሥር ሺህ ነው። ዘመዱ የዐረብኛው አልፍ ግን ሺህ ላይ ቀርቷል። «ሚሊዮን» ሳይመጣ ይህን ቁጥር በራሳችን ቃል መጥራት እንችል ነበር፤ ሁሌም ይቆጨኛል።

አጻጻፉንም ላንሳ። ግሱ ጎደለ ስለሆነ እኔ «ጎደሎ» ብዬ እጽፋለሁ። «ጎዶሎ» የተባለው «ደ» በግራና በቀኝ ባሉት የ«ኦ» ድምፆች ተስባ ነው። አገሩ ሁሉ እንደዚያ እያለ ስሕተት ነው ማለት ግን አልችልም።

ሳልወድ የምቀበለው ሌላም ነገር አለ። በሒሳብ ክፍል «ሙሉ ቁጥር» ክፍልፋይ ለሌለው ተይዟል፤ ማስለቀቅ አይቻልም። ስለዚህ ልጅዎ ፈተና ላይ የመምህሩን ይከተል፤ ለሁለት የሚካፈለውንም «ተጋማሽ» ይበል። መምህሩን ግን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ጥያቄውን ሲያወጡ «ክፍልፋይ የሌለው» የሚል ቅንፍ ቢጨምሩ፣ ቤት ውስጥ የሚረዳው ወላጅ አይደናገርም።