ከአምቡላንስ አጠገብ ሌን ሳልቀይር በማለፌ በወንጀል ተከሰስኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቨርጂኒያ ውስጥ ኡበር እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ከሬገን ኤርፖርት መንገደኛ ጭኜ በ395 አውራ ጎዳና ወደ ስፕሪንግፊልድ እየሄድኩ ነበር። አንድ አምቡላንስና አንድ የፖሊስ መኪና መብራታቸውን እያበሩ በቀኝ በኩል ዳር ይዘው ቆመዋል። እኔ በቀኙ ሌን ላይ ነበርኩ። ፍጥነቴ ከተፈቀደው በታች ስለነበር ቀጥ ብዬ አለፍኩ። ማንንም አልነካሁም። ሌላ ፖሊስ ተከትሎ አስቆመኝና ወረቀት ሰጠኝ፤ «ሪክለስ ድራይቪንግ» (በግዴለሽነት መንዳት) ይላል። ጓደኞቼ «በኦንላይን ክፈልና ተገላገል» ይሉኛል። የዜግነት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። እውነት ይሄ ወንጀል ነው?
ሹፌሩ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ ወንጀል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ ወይም የፖሊስ መኪና መብራቱን እያበራ ቆሞ ካየህ፣ በአንተ አቅጣጫ ሌላ ሌን እስካለ ድረስ ከእሱ አጠገብ ያለውን ሌን መልቀቅ አለብህ። ይህን አለማድረግ እንደ ሪክለስ ድራይቪንግ ይቆጠራል። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል።

«ማንንም አልነካሁም» ያልከው ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔ የምሠራው አምቡላንስ ላይ ነው። አንተ ባለፍክበት በዚያው 395 ዳር ተንበርክኬ ሰው አክሜያለሁ። ከባድ መኪና በአጠገብህ ሲያልፍ ነፋሱ ይገፋሃል። ባልደረባህ ጎንህ ቆሞ የሚልህን አትሰማም። አንገቱ የተጎዳ ሰው በእጅህ ይዘህ ደግሞ ብድግ ብለህ መሸሽ አትችልም። ትልቁ የእሳት አደጋ መኪና አግድም የሚቆመው ሹፌር ለማስቸገር አይደለም። በእኛና በሚመጣው መኪና መካከል ብረት እንዲኖር ነው።

እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይበቃም። ኦክቶበር 11 ቀን 2018 ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ ቨርጂኒያን ሲያልፍ፣ የሃኖቨር ካውንቲ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በ295 ላይ ለደረሰ ግጭት ተጠርተው ወጡ። አንድ ከባድ መኪና መጥቶ የቆመውን የእሳት አደጋ መኪና ከኋላ ገጨው። ሌተናንት ብራድ ክላርክ ሞተ፤ ባልደረቦቹም ተጎዱ። ያን ጊዜ ሌን ሳይለቅ ያለፈ ሹፌር የመጀመሪያ ጥፋቱ ከሆነ ተራ የትራፊክ ቅጣት ብቻ ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ግን ወንጀል ሆነ። ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። በጥቂት ዶላር የሚያልቅ ነገርን ሹፌር ቶሎ ይረሳዋል።

አሁን ወደ ጉዳይህ። ጓደኞችህ ተሳስተዋል። ይሄ በኦንላይን ተከፍሎ የሚያልቅ ትኬት አይደለም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የቀጠሮ ቀን እይ፤ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ። ከቀረህ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ይሆንብሃል። ጥፋተኛ ከተባልክ በመንጃ ፈቃድህ ላይ 6 የቅጣት ነጥብ ይያዝብሃል፤ መዝገቡም ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ኡበር የሹፌሮቹን መዝገብ እንደሚያይ ደግሞ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ሆኖም ተስፋ አትቁረጥ። ሕጉ ሌን መቀየር አደገኛ ከሆነ ቀይር አይልም። በግራህ መኪና ተደርድሮ ከነበረ፣ ተጠንቅቀህና በመጠነኛ ፍጥነት ማለፍ ይበቃል። ስለዚህ ዳሽካም ካለህ የዚያን ሌሊት ቪዲዮ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው፤ ካሜራው በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። መንገዱ ባዶ ከነበረ ግን ለጠበቃህ እውነቱን ንገረው። ጥፋቱ ቀላል ነው ብሎ ካመነ ዳኛው ክሱን ወደ «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» (ተገቢ ያልሆነ አነዳድ) ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። እሱ የትራፊክ ጥፋት እንጂ ወንጀል አይደለም፤ ቅጣቱም ከ500 ዶላር አያልፍም። የጠበቃ ዋጋ እንደሚከብድ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ግን አትቆጥብ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጎረቤት ግዛት በሜሪላንድ ሕግ እየለካ ነው። የዊልሰንን ድልድይ ተሻግረህ ይህንኑ ብታደርግ 110 ዶላርና 1 ነጥብ ነው። እዚያ ደግሞ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሃዛርድ (የማስጠንቀቂያ መብራት) አብርቶ ለቆመ ማንኛውም መኪና ቦታ መልቀቅ ግዴታ ነው። ቨርጂኒያም በ2023 ይህንን ጨምራለች። ጎማ የሚቀይር ወገንህም ይሁን ማንም፣ ሌን ትለቅለታለህ።

የዜግነቱ ነገር። ኤን 400 ፎርም ላይ ስለ ክስና ስለ እስር ይጠየቃል፤ ኢንተርቪው ላይም ይነሳል። አትደብቀው። መደበቁ ከክሱ የባሰ ጣጣ ያመጣል። የትራፊኩ ጠበቃህ ኢሚግሬሽን ላያውቅ ስለሚችል፣ ከቀጠሮው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃም አነጋግር። ሁለቱን ሳትሰማ «ጥፋተኛ ነኝ» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርም።