ድንበር ይሰመራል፣ ኬላ ይመረጣል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ኢትዮጵያ እንግሊዝ ከሚገዛው ሱዳን ጋር ስትዋሰን ስለነበረው የቀረጥ ቁጥጥር እየጻፍኩ ነው። «ሕጋዊ ድንበሮች ተመረጡ» ብዬ ብጽፍ አራሚዬ «ድንበር አይመረጥም» ብሎ መለሰልኝ። ድንበር፣ ወሰን፣ ጠረፍና ኬላ አንድ አይደሉም?

መልስ፦ አራሚዎ ልክ ነው። ድንበር መስመር ነው፤ ይሰመራል፣ ይገፋል፣ ይጣሳል። ወሰን «ወሰነ» ከሚለው ግስ ጋር ስለሚዛመድ ውልና ምልክት ባለበት ይበልጥ ይስማማል፦ የወሰን ውል፣ የወሰን ድንጋይ። ጠረፍ ግን መስመር አይደለም፤ ስፋት ያለው፣ ሰው የሚኖርበት የዳር አገር ነው። ኬላ መንገድ ላይ ቆሞ አላፊውን የሚፈትሽ ጣቢያ ነው፤ ይቋቋማል፣ ይዘጋል፣ ይሰበራል።

እ.ኤ.አ. በ1902 ምኒልክና እንግሊዝ የተዋዋሉት ወሰኑን ነው። ለኬላ የሚሆነውን ቦታ የሚጠቁመው ግን የነጋዴው እግር ነው። መተማን ይውሰዱ፤ ከጎንደር የሚወርደው የሲራራ መንገድ ወደ ሱዳን የሚዘልቀው በዚያ ነው፣ ማዶው ገላባት ነው። ኬላ የሚያዋጣው መንገዶች ተገናኝተው አንድ ከሆኑ በኋላ፣ ለጭነት ከብት ውሃ ባለበት ነው። ከመገናኛው አስቀድሞ ቢቆም በሌላው መንገድ የሚመጣው ጭነት ሳይቀረጥ ያልፋል፤ በጎን መዞሪያ ካለም እንዲሁ። ስለዚህ በደጋ የተራራ በር፣ በቆላ የወንዝ መሻገሪያ ይፈለጋል። «በር» በዚህ ትርጉሙ ጣርማ በር በሚለው ስም ውስጥ አለና፣ «መግቢያ በር» ማለት ጥሩ አማርኛ ነው፤ ሳይሳቀቁ ይጻፉት።

«የድንበር ኬላ» የሚለውን ግን በሁሉም ቦታ አያስገቡ። ያው የ1902 ውል ለእንግሊዝ በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አጠገብ፣ ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የወንዝ ዳርቻ ያለውና ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ ፈቅዶ ነበር፤ ጣቢያው በኋላ ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ጭነቱ በክረምት ውሃው ሲሞላ በመርከብ እየመጣ ይራገፍ የነበረው ከድንበሩ ብዙ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። በጅቡቲ ባቡር የሚመጣውም ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ይቀረጥ ነበር። እንዲህ ላለው «የጉምሩክ ጣቢያ» ይበሉ። ጉምሩክ ከቱርክ የመጣ ቃል ቢሆንም ዛሬ የራሳችን ነው፤ ቀረጥ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ጉምሩክ የሚያስከፍለው መሥሪያ ቤት ነው። «ጉምሩክ ከፈልኩ» በንግግር ይሰማል፤ በጽሑፍ ግን «ለጉምሩክ ቀረጥ ከፈልኩ» ይሻላል።

«የቅኝ ግዛት ድንበር» የሚለውንም ይጠንቀቁበት፤ ኢትዮጵያን ራሷን ቅኝ ግዛት ያስመስላታል። ዓረፍተ ነገርዎን እንዲህ ቢያደርጉት ይጠራል፦ «ኢትዮጵያን እንግሊዝ ከሚገዛው ሱዳን ጋር በሚያዋስነው ድንበር ላይ ለቀረጥ ቁጥጥር የሚሆኑ መግቢያ በሮች ተመረጡ፤ በየበሩም ኬላ ቆመ።»

ወደ ኬንያ ወሰን ሲሻገሩ «የሞያሌ ኬላ» ብለው አይለፉት። በሁለቱም ወገን ያለው ከተማ ሞያሌ ስለሚባል፣ የኢትዮጵያው ወይም የኬንያው ብለው ይለዩት።