እግሩ የተከፈተውን ጫጩት ዛሬውኑ እሰሪው

እህቴ፣ እባክሽ እንዳትጥይው። «ከተፈለፈለ ሁለት ቀኑ ነው፣ እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፍተው በሆዱ ይሳባል፣ የአንዱ እግር ጣቶችም ታጥፈዋል፣ ጎረቤቴ አይድንም ጣይው አለችኝ» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ደብረ ብርሃን ሳለሁ በአንድ ዙር ካስፈለፈልኳቸው ጫጩቶች ሦስቱ ልክ እንዲህ ሆኑብኝ። «ሲጠነክር ራሱ ይነሳል» ብለውኝ አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ሁለቱ ሞቱ። ሦስተኛውን ዘግይቼ ባስረውም እግሩ እንደተከፈተ ቀረ። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያሰርኳቸው ግን አብዛኞቹ ቆመው ሄደዋል።

ከማሰርሽ በፊት ጉልበት የሚመስለውን መገጣጠሚያ ከኋላ በኩል በጣትሽ ዳብሺው። ሁለቱም እግሮች ተመሳሳይ ከሆኑና እብጠት ከሌለ ችግሩ ብዙውን ጊዜ መከፈት ብቻ ነው፣ ይመለሳል። መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ጠፍጠፍ ካለና ከሱ በታች ያለው እግር ወደ ጎን ከተጠማዘዘ ግን ጅማቱ ከቦታው ተንሸራቷል ማለት ነው። እሱን ማሰር አይጠቅመውም፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ።

ለማሰሪያ የቁስል ፕላስተር ይበቃል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀጭን ቁራጭ ቁረጪ። ከመገጣጠሚያው በታች አንዱን እግር ዙሪያውን ጠቅልይ፣ መሀሉን ተይ፣ ከዚያ ሌላውን ጠቅልይ። በመሀል የሚቀረው የፕላስተር ሙጫ እንዳይጣበቅበት ሌላ ቁራጭ ለጥፊበት። በእግሮቹ መካከል የሚኖረው ርቀት ጤነኛው ጫጩት ሲቆም ያለውን ያህል ይሁን፣ በግምት 2.5 ሳንቲ ሜትር። ክር አትጠቀሚ፣ ሥጋውን ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ላይ ይንፈራገጣል፣ በጀርባው ይወድቃል፤ አይዞሽ፣ ይለምደዋል። በግራና ቀኙ ጨርቅ ጠቅልለሽ ብትደግፊው በፍጥነት ይረጋጋል። ጫጩት በየቀኑ ስለሚያድግ ማሰሪያውን በየቀኑ ፈትተሽ እይው፣ እግሩ ካበጠ ወይም ከጠቆረ አላልተሽ እሰሪው። የኔዎቹ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተስተካክለዋል።

አሁን ስለ ጋዜጣው። «ድመት እንዳይበላቸው ከእናታቸው ለይቼ ካርቶን ውስጥ ጋዜጣ አንጥፌ አስቀመጥኳቸው» ብለሻል። ጋዜጣ ያንሸራትታል፤ ጫጩቱ ለመቆም በሞከረ ቁጥር እግሩ ይከፈታል። የኔም ጥፋት ይኸው ነበር፣ እኔም ጋዜጣ ነበር ያነጠፍኩት። ዛሬውኑ አንስተሽ አሮጌ ፎጣ አንጥፊላቸው፣ ክሩ የተተረተረ ግን አይሁን፣ ጣታቸው ይጠላለፋል። በማሽን በሚፈለፈሉት ደግሞ የሙቀት መዛባትም ያመጣዋል።

ለታጠፉት ጣቶች ከስስ ካርቶን ጫማ ሥሪለት። ጣቶቹን ዘርግተሽ ካርቶኑ ላይ በፕላስተር አጣብቂያቸው፣ 2 ወይም 3 ቀን ይቆይ። ጫጩቱ በመገጣጠሚያው ላይ ተቀምጦ ሁለቱም እግር ጣቶቹ ወደ ውስጥ የተጨበጡ ከሆነ ግን የቪታሚን ቢ2 እጥረት ሊሆን ይችላል። እናቲቱ በቆሎና ስንዴ ብቻ ስትበላ ከርማ ከሆነ እጥረቱ ከእንቁላሉ ጋር ይመጣል። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ውኃ ውስጥ የሚበጠበጥ የቪታሚን ዱቄት ግዢ። እሱ እስኪገኝ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ፈርፍረሽ በትንሽ አጓት አርጥበሽ ስጪው። አጓትን አረንጓዴ ቢጫ የሚያስመስለው ይኸው ቪታሚን ነው። አጓቱ ብዙ ከሆነ ግን ያስቀምጠዋል፣ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። እናቲቱንም ጎመን አብልያት።

ከሁሉም በላይ የሚያሰጋኝ ሙቀቱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ጤነኛው ሲሞቀው ይሸሻል፣ ሲበርደው ይጠጋል፤ የታሰረው ግን ካስቀመጥሽው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከሚያሞቃቸው አምፖል ሥር ሳይሆን ከዳር አድርጊው፣ አፉን ከፍቶ ካለከለከ አርቂው። መብራት ከሄደ ሙቅ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለሽ አጠገቡ አስተኚ። የውኃ መጠጫው የጠርሙስ ክዳን ያህል ጥልቀት ያለው ይሁን፣ ውስጡም ጠጠር ጨምሪበት። የታሰረ ጫጩት ፊቱን ደፍቶ ትንሽ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፣ አንዱ እንዲያ ሞቶብኛል። አፉን በየጊዜው እየነከርሽ አጠጪው። ከእንቁላሉ ይዞት የወጣው አስኳል ለሁለት ሦስት ቀን ይመግበዋልና ዛሬ ባይበላ አትደንግጪ፣ ነገ ግን መልቀም መጀመር አለበት።

ብቻውን አታድርጊው፣ ሲጮህ ይደክማል። ረጋ ያለ አንድ ወንድሙን አብረሽ አስቀምጪ፣ ጣቱን ከቆነጠጠው ግን ቀይሪው። እናቱ ሥር የምትመልሽው ማሰሪያው ተፈትቶ በደንብ ሲራመድ ነው፣ አሁን ትረግጠዋለች።

በሳምንት ምንም ለውጥ ካላሳየና መብላት ካቆመ ሐኪም ይየውና ስቃዩን ማሳጠር ይሻል እንደሆነ ከሱ ጋር ተነጋገሪ። ዛሬ ግን ለዚያ ውሳኔ ጊዜው አይደለም። ነገ ጠዋት ማሰሪያውን ስትፈቺ ከኋላ በኩል ፎቶ አንሺውና አሳዪኝ፣ መገጣጠሚያውን አይቼ ክፍተቱ ጠብቦ ወይም ሰፍቶ እንደሆነ እነግርሻለሁ።