ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ

እዚሁ ባሕር ዳር መዝገብ ቤት የምትሠራ አንባቢ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ኮፒ ማሽናችን ሰነድ ከላይ በፊደሩ (ተደራርቦ የተቀመጠውን ወረቀት አንድ በአንድ በሚስበው ክፍል) ስናስገባለት ሦስት አራቱን ደህና አድርጎ ይወስድና ወረቀት ነክሶ ጃም ይላል። አንዳንዴ ሁለቱን አንድ ላይ ይስባል። መስታወቱ ላይ አንድ በአንድ ስናደርገው ግን ምንም አይልም። ሊያየው የመጣው ሰው ፊደሩ በሙሉ ይቀየር አለን። እውነት ነው?»

እህቴ፣ ለጊዜው ብራችሁን ያዙት። መስታወቱ ላይ በደንብ ከሠራ የታችኛው ማሽን ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ፊደሩ ውስጥ ነው። እዚያም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ወረቀቱን የሚስበው ጎማ ነው እንጂ ፊደሩ አይደለም።

መጀመሪያ ይህን ሞክሪ። ከአዲስ ደስታ ወረቀት አሥር ሉክ አውጪና በፊደሩ አስገቢ። አሥሩም ያለ ችግር ካለፉ ማሽኑን ተዪው፤ ጥፋቱ የሰነዱ ነው። አዲሱም ከተነከሰ ክዳኑን ከፍተሽ ወረቀቱ የት ላይ እንደቆመ ተመልከቺ።

ጎማ የለበሰው ሮለር እየዞረ ወረቀቱ ንቅንቅ ካላለ፣ የሚስበው ጎማ አልቋል ወይም ቆሽሿል። ሁለት ሦስት አንድ ላይ ከገባ፣ ወረቀቱን ከወረቀት የሚለየው ፓድ ተበልቷል። አንድ ስንዝር ያህል ገብቶ ከቆመ ግን ነገሩ ትንሽ ይጠልቃል። ማሽኑ ዓይን የለውም፤ የሚቆጥረው ሰዓት ነው። ወረቀቱ ከተነሣ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መድረሱን የሚያውቀው ሴንሰር ጋ ካልደረሰ፣ ምንም ሳይጣበቅ «ጃም» ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ጎማው ተንሸራቶ ወረቀቱን ካዘገየውም ጃም ነው፤ ሴንሰሩ ላይ ቁራጭ ወረቀት ከተቀመጠም ጃም ነው።

የቁራጭ ነገር ከተነሣ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ጎማውን ቀየርኩ፣ ፓዱን ቀየርኩ፣ ማሽኑ ግን ያው ነው። ግማሽ ቀን አቃጠልኩ። በመጨረሻ በእጅ ባትሪ ሳየው የጥፍር ያህል ወረቀት፣ ጫፉ ላይ የማህተም ቀለም ያለበት፣ የሴንሰሩን ምላስ ደግፎ ተቀምጧል። ለካ አንዱ ወረቀቱን መንጭቆ ሲያወጣ ቀርቶ ነው። ከዚያ ወዲህ የተቀደደ ወረቀት ሳወጣ ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሜ ጎዶሎ እንዳለው ሳላይ ክዳን አልዘጋም። አንቺም ስታወጪ በሁለት እጅ፣ ቀስ ብለሽ፣ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ሳቢ።

ጎማውን ለማጽዳት ማሽኑን አጥፊና ሶኬቱን ንቀዪ። የፊደሩን ክዳን ክፈቺ። ጎማውን በጣትሽ ዳሺው። ደህናው ጎማ ጣት ይይዛል። ያለቀው እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል፣ ጣትም ያንሸራትታል። በውሃ ትንሽ ረጠብ ያለ፣ ብናኝ የማይተው ጨርቅ ይዘሽ፣ ጎማውን በጣት እያዞርሽ ዙሪያውን በሙሉ ጥረጊው። ጨርቁ ላይ ጥቁር ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ አትቁሚ። ደርቆ ሳያልቅ ወረቀት አታስገቢ። ቤንዚን የሚባል ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ፣ ጎማውን ይበላዋል። ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁ ባለሙያዎችም አሉ። ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ከቀድሞው ይብሳል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ጣና ዳር ነን፤ ክረምት ሲገባ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ደንገል አይተሽ የለ? ከእሱ የሚሠራው ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ከብዶ ስለሚያስቸግር ዳር አውጥተው ያደርቁታል። ወረቀትም ያው የዕፅዋት ቃጫ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ይቆለመማል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሁለት ሁለት የሚገባውም ያን ጊዜ ነው። ግድግዳ ተደግፎ ከከረመ ማህደር የወጣ ሰነድማ ይብሳል። እንዲህ ያለውን ከማስገባትሽ በፊት በሁለት እጅ ይዘሽ አራግቢው፣ ጫፉን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርገሽ አስተካክዪ። የጎን መያዣዎቹ ወረቀቱን ይንኩት እንጂ አይጭመቁት። አዲሱን ወረቀት ደግሞ ከማሸጊያው አውጥታችሁ መስኮት ሥር አትደርድሩ፤ ማሸጊያው እርጥበት እንዲከላከል ነው የተሠራው።

የስቴፕለር ሽቦና አግራፍ አውጪ ማለት አያስፈልገኝም ነበር፤ ግን ከፊደር ውስጥ የለቀምኩት ሽቦ ብዛት ስለሚያስገርመኝ አልኩት። ፍሉይድ የተቀባ ሰነድም ሳይደርቅ ከገባ ጎማው ላይና በፊደር የሚያልፈው ሰነድ በሚነበብበት ጠባብ መስታወት ላይ ይለጠፋል። በፊደር ኮፒ ስታደርጊ ብቻ ቀጭን ጥቁር መስመር የሚወጣው ከዚያች ጠባብ መስታወት ነው። እሷንም ጥረጊያት።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም የሚነክስ ከሆነ ጎማውንና ፓዱን አንድ ላይ ግዙ። አዲስ ጎማ ከአሮጌ ፓድ ጋር አይስማማም። የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ጽፈሽ ሂጂ፤ ተመሳሳይ የሚመስል ጎማ ብዙ ነው። ሠራተኛው ሲገጥም ጎማው ስንት ወረቀት እንደሳበ የሚመዘግበውን የማሽኑን ቆጣሪ ዜሮ ማድረግ የሚያስፈልገው ሞዴል ከሆነ እንዳይረሳው ጠይቂው፣ አለዚያ አዲሱ ጎማ ላይም «ቀይሩ» ማለቱን ይቀጥላል።

የተቀደደ፣ በፕላስተር የተለጠፈ ወይም ተነክቶ የሚፈረፈር አሮጌ ደብዳቤ ካለ ግን በፊደር አትሞክሪው። እሱ መስታወቱ ላይ ይሂድ።